አሥራ ስምንቱ ፒፕሶች፦ ጥቂት ሰው የሚጠራበት ስም ምን ይመሰክራል?

የምጣኔ ሀብት ታሪክ ተመራማሪው ግሪጎሪ ክላርክ በ2014 ባሳተመው «ዘ ሰን ኦልሶ ራይዝስ» በተሰኘው መጽሐፉ አንድ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ነጥሎ ቆጥሯል። ስሙ ፒፕስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በክላርክ ቆጠራ በ2012 በሕይወት የነበሩት ፒፕሶች 18 ብቻ ናቸው። ከእነርሱ አራቱ ሐኪሞች ነበሩ። ከ2000 እስከ 2012 የሞቱት ዘጠኝ ፒፕሶች በአማካይ 416,000 ፓውንድ የሚያወጣ ንብረት ትተው አልፈዋል፤ ይህም በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ከነበረው አማካይ ውርስ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ አንድ ፒፕስ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚገኘው በ1496 ነው። ከዚያ ወዲህ ኦክስፎርድ ወይም ካምብሪጅ የገቡት ፒፕሶች ቢያንስ 58 ይሆናሉ። ይህን ያህል ጥቂት ሰው ከሚጠራበት ሌላ ስም የሚጠበቀው ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ነበር።

በእነዚህ አምስት መቶ ዓመታት ውስጥ እንግሊዝ ንጉሥ አንገት ቀልታለች፣ ሃይማኖቷን ለውጣለች፣ ፋብሪካ ተክላለች፣ ነጻ ትምህርትና ነጻ ሕክምና አውጃለች። አንድ የገበሬ መንደር ስም ግን ከፍ ካለበት አልወረደም። ይህን ያነበበ ሰው ወይ «ዕድል በደም የሚወረስ ነው» ወደ ማለት ያዘነብላል፣ ወይም ነገሩን እንደ ተራ የአጋጣሚ ወሬ ቆጥሮ ያልፈዋል። ሁለቱም መንገድ ያሳስታል ባይ ነኝ። ስሙ በእርግጥ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ምስክርነቱ ግን ጎደሎ ነው፤ ጉድለቱም የቤተሰብ ስም ሳይኖረን ወደ ውጭ አገር ለመጣነውና ዛሬ በየቅጹ ላይ አዲስ የቤተሰብ ስም እየፈጠርን ላለነው ሰዎች ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይመለከተናል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ምንጭ። ከኖርማኖች ወረራ በኋላ ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ከገቡት የተጸውዖ ስሞች አንዱ ፔፒስ ወይም ፔፒን የሚባለው ነበር። የሻርለማኝ አባት የፍራንኮቹ ንጉሥ ፔፒን የተጠራበት ያው ስም ነው። ይህ ማለት ፒፕሶች የንጉሥ ዘር ናቸው ማለት አይደለም፤ በእኛ አገር ቴዎድሮስ የተባለ ሁሉ ከመቅደላው ጌታ እንደማይወለድ ሁሉ። የሆነው ነገር ቀላል ነው። በአንድ ዘመን ፔፒስ የሚባል ሰው ልጅ ወለደ፤ ልጁ በአባቱ ስም ታወቀ፤ የልጅ ልጁ ተራው ደርሶ በራሱ አባት ስም መጠራት ሲገባው ጸሐፊው የቀድሞውን ስም ደገመው። ከዚያ በኋላ ስሙ ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ፒፕስ ማለት እንግዲህ በአንድ ሰው ላይ የቆመ፣ የረጋ የአባት ስም ነው። አነባበቡ እንኳ እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ የማስታወሻ ጸሐፊው ሳሙኤል «ፒፕስ» ሲባል፣ የመኳንንትነት ማዕርግ ያገኘው የኮተንሃም ቅርንጫፍ ራሱን «ፔፒስ» ይላል።

በእንግሊዝ የቤተሰብ ስም በአንድ አዋጅ አልመጣም። ከ1066 በኋላ መሬት የያዙት ባላባቶች ርስታቸውን ለበኩር ልጅ ሲያወርሱ የርስቱንም ስም አብረው አወረሱ፤ ልማዱ ከእነርሱ ወደ ከተሜውና ወደ ገበሬው ወረደ። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል የየመንደሩ ሰው በስም ተጻፈ። በ1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ሰው የሚወረስ ስም ነበረው። በ1538 የሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፤ ስሙም በዚያ ታሰረ። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሊቅ ጄምስ ስኮት የቤተሰብ ስም መንግሥት ሕዝቡን አይቶ ለመለየት፣ ግብር ለመሰብሰብና ወታደር ለመመልመል እንዲመቸው ያበጀው መሣሪያ ነው ሲል የተከራከረው ይህን የመሰለውን ታሪክ ይዞ ነው። ሰው ለጎረቤቱ ስም አያስፈልገውም፤ ጎረቤቱ ያውቀዋል። ስም የሚያስፈልገው ለማያውቀው ጸሐፊ ነው።

ፒፕሶችን መዝገብ ላይ የምናገኛቸው ከካምብሪጅ ከተማ ብዙም በማይርቀው በኮተንሃም መንደር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ከእነርሱ አንዱ በዚያ ርስት የነበረው የክሮውላንድ ገዳም አበምኔት ምስለኔ ሆኖ አገልግሏል። እንግዲህ ከጭሰኛ ከፍ ያለ፣ ከጌታ ዝቅ ያለ፣ መጻፍና መቁጠር የሚያውቅ ቤት ነበር ማለት ነው። ሳሙኤል ራሱ በማስታወሻው፣ ስለ እንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች የተጻፈ አዲስ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የቤተሰቡን ስም ሳያገኝ ቢቀር፣ ወገኖቹ ያን ያህል የሚነገርላቸው እንዳልነበሩ ያለ ኀፍረት መዝግቧል።

ስሙ ለምን እንዲህ መነመነ? ይህ ጥያቄ በሒሳብ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ፍራንሲስ ጋልተን በ1873 የታላላቅ ቤተሰቦች ስም ለምን እንደሚጠፋ የሚጠይቅ እንቆቅልሽ በአንድ መጽሔት ላይ አወጣ፤ ቄስ ሄንሪ ዋትሰን መለሱለት። አንድ ወንድ በአማካይ ከአንድ ወንድ ልጅ የማይበልጥ ከወለደ ስሙ ይዋል ይደር እንጂ መጥፋቱ አይቀርም። ዋትሰን ከዚህ አልፈው ስም ሁሉ ጠፊ ነው ብለው ነበር፤ ይህ ስሕተት እንደ ሆነና አማካዩ ከአንድ በላይ ሲሆን የመትረፍ ዕድል እንዳለ በ1930 ዴንማርካዊው ስቴፈንሰን አሳየ። ከሒሳቡ የምንወስደው ፍሬ ነገር የስም መብዛትና ማነስ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ትውልዶች ዕጣ መሆኑን ነው። ሦስት ሴት ልጆች የወለደ ሰው ደም ይቀጥላል፤ ስሙ ግን በእርሱ ያበቃል። በ2016 የወጣው የኦክስፎርድ የብሪታንያና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ከ45,000 በላይ ስሞችን ሲይዝ፣ መነሻው በ2011 ቆጠራ ከ100 በላይ ሰው የሚጠራባቸውን ማካተት ነበር። 18 ሰው ያለው ስም በዚህ መስፈርት ብቻ ቢለካ ደጃፉንም አይረግጥም። «ሊጠፉ የተቃረቡ የእንግሊዝ ስሞች» እየተባሉ በኢንተርኔት የሚዞሩ ዝርዝሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ማን እንደቆጠራቸው ስለማይታወቅ ለቁም ነገር አይበቁም።

ለተመራማሪ ግን የስም ማነስ ወርቅ ነው። በአንድ መዝገብ ላይ ስሚዝ የሚባል ሰው ሞተ ቢባል የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚነግረን የለም። ፒፕስ ሞተ ከተባለ ግን ወገኑ ተለይቶ ይታወቃል፤ ወንዝ ውስጥ እንደ ገባ ቀለም ነው፣ ውሃው የሄደበትን ያሳያል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባወጡት ጥናት 40 የቤተሰብ ስሞች ያሏቸውን 1,678 ወንዶች ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም መርምረው፣ ጥቂት ሰው የሚጠራባቸው ስሞች ባለቤቶች በአብዛኛው ከአንድ ወይም ከጥቂት አባቶች እንደሚወርዱ፣ ስሚዞች ግን ከማንም የመንገድ ሰው የበለጠ ዝምድና እንደሌላቸው አሳይተዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እነዚሁ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከምሥራቅ ዮርክሻየር የመጣ፣ ጥቂት ሰው የሚጠራበት አንድ ስም ያላቸውን 18 ወንዶች ሲመረምሩ፣ ሰባቱ ከምዕራብ አፍሪካ በቀር ከቶ የማይታወቅ የአባት ዘር ተሸክመው ተገኙ። የዘር ሐረጋቸው በ1780ዎቹ ዮርክሻየር ውስጥ ወደተወለዱ ሰዎች ይመለሳል። ከእንግሊዝነት የበለጠ እንግሊዛዊ የሚመስል ስም፣ ከሥሩ አፍሪካዊ አባት ነበረው።

ክላርክና ኒል ከሚንስ ይህን ቀለም ይዘው ወደ ውርስ መዝገብ ወረዱ። ከ1858 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ውርሱ በሕግ የጸደቀ ሟች የንብረቱ መጠን በአንድ ብሔራዊ መዝገብ ይጻፋል። ሁለቱ ጥቂት ሰው የሚጠራባቸው ስሞች ያሏቸውን 18,869 ሰዎች ከ1858 እስከ 2012 ተከታተሉ። የደረሱበት አኃዝ ከ0.70 እስከ 0.75 ነው፤ ማለትም አንድ ቤተሰብ ከአማካዩ በላይ ወይም በታች ካለው ርቀት ሩብ ወይም ጥቂት የሚበልጠው ብቻ በአንድ ትውልድ ይጠፋል፣ የቀረው ይወረሳል። አባትንና ልጅን ብቻ በማነጻጸር የሚሠሩ የገቢ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚሰጡን ከ0.3 እስከ 0.5 ያለውን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሲባዛ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከ100 የተነሣ ብልጫ በ0.4 ከተላለፈ ከአምስት ትውልድ በኋላ የሚቀረው 1 ነው። በ0.75 ከተላለፈ 24 ይቀራል። የመጀመሪያው ስሌት ልጅ ልጆቻችን በእኩል ሜዳ ላይ ይቆማሉ ይለናል፤ ሁለተኛው የቅድመ አያታችን ጥላ ገና እንዳልተገፈፈ ይነግረናል።

የክላርክ ማብራሪያ እንዲህ ነው። አንድ ሐኪም ልጁ ድኻ ሠዓሊ ቢሆን፣ አባትና ልጅ ብቻ ሲታዩ ቤተሰቡ የወደቀ ይመስላል። የሠዓሊው ልጅ ግን ተመልሶ ሐኪም ይሆናል። ገቢ ይዋዥቃል፤ ከሥሩ ያለው መጽሐፍ፣ ትውውቅ፣ አነጋገር፣ የትኛው በር እንደሚንኳኳ ማወቅ አይዋዥቅም። በውጭ አገር ለምንኖረው ይህ ማብራሪያ እንግዳ አይደለም። በአገሩ መምህር ወይም መሐንዲስ የነበረ ሰው ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ሲነዳ የገቢ መዝገቡ ላይ የወደቀ ነው፤ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ደግሞ እንደ ተአምር ይጻፍለታል። ተአምር አልነበረም። መዝገቡ የሚያየው ከአውሮፕላን የወረደበትን ቀን ጀምሮ ስለ ሆነ ነው።

እስከዚህ ድረስ ከክላርክ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን ስለ ፒፕሶች ያለው ማስረጃ እንደሚመስለው ጠንካራ አይደለም። 18 ሰዎች 18 ነጻ ምስክሮች አይደሉም፤ የአንድ ወይም የሁለት ቤት ሰዎች ናቸው። አራት ሐኪሞች ቢገኙ አባት ልጁን፣ እኅት ወንድሟን ወደ ሙያው ስባ ሊሆን ይችላል። አጻጻፉም ራሱ ወንፊት ነው። በሳሙኤል ዘመን ይህ ስም እንደ ጸሐፊው ጆሮ በተለያየ መንገድ ይጻፍ ነበር። የጥንቱን አጻጻፍ ጠብቆ የሚቆየው ፊደል የቆጠረው፣ ቄሱን «እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚያርመው ቤት ነው። ማንበብ የማይችለው የሥጋ ዘመዱ ደብሩ እንደ ሰማው ይጻፋል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ ሌላ ስም ይሆናል፤ ከቆጠራውም ይወጣል። እንግዲህ ፒፕሶች ከፍ ብለው የኖሩት ሁሉም ስላልወደቁ ነው ወይስ የወደቁት ስሙን ይዘው ስላልቆዩ? ክላርክ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሞችን አብሮ በማየቱ ይህ ጥርጣሬ ሥራውን ሁሉ አያፈርስም፤ ፒፕስን ብቻ እያነሡ የሚናገሩትን ግን ዝም ሊያሰኝ ይገባል።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ስሙ ሴቶችን አለማየቱ ነው። የሳሙኤል ፒፕስን ሕይወት እንውሰድ። በ1633 ለንደን ውስጥ ከልብስ ሰፊ አባት ተወለደ። ካምብሪጅ ተምሮ በ1660 የባሕር ኃይሉ ቦርድ ጸሐፊ ሆነ፤ በኋላ የአድሚራሊቲው ዋና ጸሐፊ፣ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበርም ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የኒውተን ታላቁ መጽሐፍ በ1687 ሲወጣ የርእስ ገጹ ላይ የሳሙኤል ስም አለ። ልብስ ሰፊውን ልጅ እዚያ ያደረሰው ማን ነው? የአባቱ አክስት ጳውሊና ፒፕስ ናት። እርሷ በ1618 ሰር ሲድኒ ሞንታጉን አገባች፤ ልጇ ኤድዋርድ ሞንታጉ ቻርልስ ሁለተኛን ከስደት የመለሰው መርከበኛ፣ በኋላም የሳንድዊች ኧርል ሆነ፤ ሳሙኤልንም በየደረጃው የጎተተው እርሱ ነው። ሞንታጉ በስም ቆጠራው ፒፕስ አይደለም። ሳሙኤል ልጅ አልነበረውም፤ ንብረቱንና 3,000 ያህል መጻሕፍቱን የወረሰው የእኅቱ ልጅ ጆን ጃክሰን ነው። የዚያች እኅት ስምም ጳውሊና ነበር። መጻሕፍቱ ከጃክሰን በኋላ በ1724 ወደ ተማረበት ወደ ማግደሊን ኮሌጅ ገቡ። ዕድሉ በአንዷ ጳውሊና ገባ፣ በሌላዋ ጳውሊና ወጣ፤ በሁለቱም በኩል የፒፕስ ስም ምንም አላየም። ከዚህ ቤት የወጡት በ1655 የአየርላንድ ጠቅላይ ዳኛ የሆነው ሪቻርድና በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለት ጊዜ ሎርድ ቻንስለር የነበረው ቻርልስ የሳሙኤል ዘመዶች እንጂ ተወላጆች አይደሉም።

ክላርክ በ2023 ባሳተመው ሌላ ጥናት 422,374 እንግሊዛውያንን የያዘ የዘር ሐረግ መዝገብ መርምሮ፣ በዘመዳሞች መካከል ያለው የደረጃ መመሳሰል በሥነ ዘር ውርስ ከሚጠበቀው ጋር ይገጥማል ብሏል። ይህን ብዙዎች ተችተውታል፤ ትችታቸውም ተገቢ ነው። ሀብት፣ ሰፈር፣ ጋብቻና ትውውቅም ከዘመድ ወደ ዘመድ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ከዘር ጋር የሚገጥም ስዕል የዘር ማስረጃ አይደለም። ፍሎሬንሲያ ቶርቼና አሌሃንድሮ ኮርቫላን ደግሞ የስም ጥናት የቡድን አማካይን እንጂ የግለሰብን ዕድል እንደማይለካ አሳይተዋል። ይህ ለፖሊሲ ሰው ትልቅ ልዩነት ነው። ጋልተን ስለ ስሞች መጥፋት የጠየቀው የታላላቆች ዘር እንዳይመነምን ሠግቶ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላም «ዩጀኒክስ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እርሱ ነው። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ማስታወስ አይከፋም።

አሁን ወደ እኛ። የእንግሊዝ ርስት በወንድ በኩር ስለ ሄደ ስሙም በወንድ ሄደ። አለን ሆበን በ1973 ባሳተመው የጎጃም ጥናት እንደ ገለጸው፣ በአማራው አገር ርስት የሚጠየቀው መሬቱን ካቀናው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም በኩል እየተቆጠረ ነበር። በአያቱ እናት በኩል ርስት የሚከራከር ሰው በአንድ የወንድ መሥመር ላይ የቆመ ስም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ያጠብበታል። የሚጠቅመው ሐረጉን በቃሉ መያዝ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠርም በሁለቱም ወገን ነው። የቤተሰብ ስም አለመኖራችን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚናገሩ ሰዎች ይህን አይተው አያውቁም፤ ሌላ የውርስ ሕግ ሌላ የማስታወሻ ዘዴ ፈጥሮ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የርስት ክርክር ቀረ፤ ሐረጉን በቃል የመያዙም ጥቅም ከዚያ ጋር ሳሳ።

ሕጉ ግን ስም ሊሰጠን ሞክሮ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የተጸውዖ ስሞችና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕዝቡ ግን በስሙ ላይ የአባቱንና የአያቱን ስም እየጨመረ መኖሩን ቀጥሏል። ሕግ ያልቻለውን ግን ቅጽ ቻለው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የብዙዎቻችንን የቤተሰብ ስም ያወጣው የቪዛ ቅጽ ነው። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ስደተኞች በመቀበያ ጣቢያ የአባታቸው ወይም የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈላቸው፤ ብዙዎቹ የተጸውዖ ስማቸውም በዕብራይስጥ ተተካ። በአሜሪካና በአውሮፓ አንዱ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ልጆቻቸው በመዝገብ ባዕዳን ሆነዋል። ጸጋዬ የሚለው አንድ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጻፈው ሰው ሦስትና አራት የቤተሰብ ስም ይወጣዋል። የፒፕሶች ታሪክ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ተደገመ፤ በየቤቱ አንድ አባት ተመርጦ ቆመ። ምትኩ የተባለው አያት የተጠራው በሞተ ወንድሙ ምትክ ስለ ተወለደ ነበር፤ ሚኒሶታ የሚወለደው የልጅ ልጅ ልጁ ያን ኀዘን ሳያውቅ ምትኩ ይባላል።

ይህ የባህል ወግ ብቻ አይደለም። የምንኖርባቸው አገሮች ተመራማሪዎች የስደተኛ ቤተሰቦችን ዕድል ለመከታተል፣ የሕዝብን አመጣጥ ለመገመትም የቤተሰብ ስም ይጠቀማሉ። በዚህ ሚዛን እኛ እንበታተናለን። አባትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ካላቸው ትውልዱ አይገናኝም። ሳሙኤል፣ ዳንኤል ወይም ሰሎሞን የሚባል የቤተሰብ ስም የያዘ ኢትዮጵያዊ አይሁዳዊ ወይም ዌልሳዊ ተብሎ ሊገመት ይችላል፤ አሕመድ የተባለው ከዓረብ ይቆጠራል። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ክላርክ መጥቶ የኢትዮጵያውያን ዘር በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው አጻጻፉን ጠብቆ መቆየት የቻለውን፣ ከመጀመሪያውም የተማረውን ቤት ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ እነዚህ ስሞች እጅግ ጥቂት ሰው የሚጠራባቸው በመሆናቸው፣ «ማንነቱ ተሰውሯል» በተባለ የጤና ወይም የትምህርት መረጃ ውስጥ ስሙ ብቻ አንድን ቤተሰብ ሊያጋልጥ ይችላል። የዮርክሻየሩን ስም ያጠኑት ሰዎች በጥናታቸው ላይ ስሙን ሳይገልጡ ነበር ያሳተሙት። እኛን በተመለከተ ያን ጥንቃቄ ከተመራማሪዎችና ከመሥሪያ ቤቶች የመጠየቅ መብት አለን፤ ሲጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም።

አንዳንዶች መፍትሔው አገር ቤትም የቤተሰብ ስምን ማስገደድ ነው ይላሉ። አልስማማም። አይስላንድ ዛሬም ሕዝቧ በአብዛኛው በአባት ስም የሚጠራ ነው፤ በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን በሕግ ከልክላለች፤ ይሁን እንጂ የዜጎቿን ዘር ከብዙ አገሮች አብልጣ ታውቃለች። ሥራውን የሚሠሩት የግል መለያ ቁጥርና በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ናቸው። ኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ አሁን ደግሞ ፋይዳ አለ። ስም ለግብር ሰብሳቢ ሲባል የሚቆምበት ዘመን ካለፈ በኋላ ስማችንን ማቆም ትርጉም የለውም።

በውጭ አገር ግን ምርጫው የተለየ ነው፤ ስሙ መቆሙ ስለማይቀር ማን እንደሚያቆመው ነው ጉዳዩ። ወንድምና እኅት ልጅ ሳይወልዱ ተቀምጠው የትኛው ስም፣ በየትኛው የላቲን አጻጻፍ እንደሚያዝ ቢስማሙ ብዙ ጣጣ ይቀራል። ከአያት ስም ይልቅ የአያትን እናት ስም መምረጥ የሚሻ ካለም እንደሚኖርበት አገር ሕግ ሊሆንለት ይችላል፤ በእንግሊዝ ሰው ለማጭበርበር እስካልሆነ ድረስ የፈለገውን ስም መያዝ ይችላል። ስሙ የማይሸከመውን ደግሞ ሌላ ነገር ይሸከመው። በየከተማው ያሉት አብያተ ክርስቲያናት የክርስትና መዝገብ ይይዛሉ፤ መስጊዶች ኒካሕ ይጽፋሉ፤ እድሮች የአባላትን ቤተሰብ ይመዘግባሉ። አብዛኛው መዝገብ የሕፃኑን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም ጽፎ ያቆማል። በእናት በኩል ያሉትን አያት ሴትና ወንድ፣ የትውልድ ወረዳቸውን፣ ስማቸውንም በፊደልና በፓስፖርቱ አጻጻፍ ጎን ለጎን የሚይዙ አራት ዓምዶች መጨመር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።